ድንጋይ በሌለበት ሜዳ ላይ የተበየደ አክስል

ቅዳሜ፣ ጋምቤላ

ከጋምቤላ ወደ ዲማ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለወርቅ ነው። እኛ የተነሣነው አንድ የፊት አክስል ልንፈትን ነበር። ጉዞው የተጀመረው እሑድ ቢሆንም ማስታወሻዬን ከቅዳሜ እጀምራለሁ። ቅዳሜ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነው።

መኪናው የታላቅ ወንድሜ የመንገሻ ነው። እኔ «ወንድምዓለም» ነበር የምለው። ጦሩ ሲበተን ጥሎት የሄደ፣ በሞተሩ መሃል ሣር የበቀለበት፣ የፊትም የኋላም ጎማው የሚጎትት የጭነት መኪና ነበር። በጨረታ ገዝቶት ዓመት ከምናምን ሲጠግነው ከረመ። ሞተሩ ተነሣ። ካምቢዮው ተስተካከለ። የቀረው የፊት አክስሉ ብቻ ነበር፤ ጎማዎቹ ከሚታጠፉበት አጠገብ በቀኝም በግራም ተሰንጥቋል። ለእንዲህ ያለ መኪና አዲስ አክስል አዲስ አበባም ሄደህ አታገኝም። ወንድምዓለም ግን ብረት እስካለ ድረስ የለም የሚባል ዕቃ የለም ባይ ነው።

ጋራዣችን አንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ከተቃጠለ የጦር መኪና ሻንሲ ላይ ወፍራም ብረት ቆረጠ። ከሰል አቀጣጠለ፣ እኔ ወናፍ ነፋሁ። ብረቱ ሲቀላ እሱና ኦሞድ እየተቀባበሉ በመዶሻ ቀጠቀጡት፣ የአክስሉን ሆድ እንዲያቅፍ አድርገው አጎበጡት። ኦሞድ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው፤ አኙዋ ነው፣ የአቦቦ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ። አንድ ጊዜ መዶሻውን ተቀብዬ ስስት፣

«ተማሪ፣ አሥራ ሁለተኛ ጨረስክ። በመዶሻ ግን አንደኛ ክፍል ነህ» አለኝ።

«ደግሞ ደጋሚ ነው» አለ ወንድምዓለም።

እናታችን በጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ከሥራ ስትመለስ ምሳ ይዛልን መጣች። ጥቁር ዘይት የነካውን ፊቱን አየችና፣

«ከዚህ ብረት ሥር ተኝተህ ከምታረጅ ሚስት አታገባም?» አለችው።

«የፊት እግሩ ይዳን እንጂ ከዲማ ጭኜልሽ እመጣለሁ!»

«የወርቅ ቆፋሪ ልጅ አልፈልግም» አለች። ሳቅን። በላን።

የቀኙን ብረት በየደው። በግራ በኩል ያለውን በጥቂት ነጥብ ብቻ እንዳያያዘው የከተማው ጄኔሬተር ቆመ። እስኪመሽ ጠበቅን። መብራት አልመጣም። እትዬ አስካለ የሚባሉ ነጋዴ ዱቄት፣ ጨውና ሳሙና አስጭነው ለእሑድ ተኮናትረውናል። ዝናብ አንድ ጊዜ ከጣለ ጥቁሩ አፈር እስከ ኅዳር መኪና አያሳልፍም። የወንድምዓለም የዓመት ድካም ፍሬ የሚያፈራው አሁን ዲማ ደርሶ ከተመለሰ ብቻ ነው።

«ኤሌክትሮድ ያዝ» አለኝ፤ የመበየጃውን ዘንግ ማለቱ ነው። «ካስፈለገ መንገድ ላይ በባትሪ እጨርሰዋለሁ።»

እሑድ ንጋት

ገና ወፍ ሲንጫጫ ወጣን። በአዲሱ የክልል ቢሮ በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ከሰሌዳው አልፎ ያለው መንገድ ያው የድሮው ነው። ጉድጓድ፣ ዱካ፣ አቧራ። ከላይ ጭነቱ ላይ ሁለት ወርቅ ቆፋሪዎች ከእነ አካፋቸው ተቀምጠዋል። ከፊት ወንድምዓለም፣ እትዬ አስካለና እኔ ነን። ኦሞድ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የግራውን ጎማ ያያል።

«ዛሬ መዝሙር ክፍል አንድ ድምፅ ጎደለ» አለ።

«እዚሁ ዘምርልና» አሉት እትዬ አስካለ። «መኪናው እንደሆነ ጸሎት ያስፈልገዋል።»

ዘመረ። ወንድምዓለም በመሪው ላይ በጣቱ ምት ይመታለት ነበር።

አቦቦ፣ ረፋድ ላይ

የአልዌሮ ውሃ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ግድቡ ተሠርቷል። ሩዝ ሊለማበት የታሰበው ሜዳ ሰፊ ነው፤ ዳር ላይ የዛጉ ትራክተሮች ተደርድረው ቆመዋል። የተጠበሰ ዓሣ በሁለት ብር ገዛን፤ እሾሁ ብዙ ነው፣ ይጣፍጣል። ወንድምዓለም አፉ ውስጥ ዓሣ እንዳለ ከመኪናው ሥር ገባ። አክስሉን በመዳፉ ዳበሰው፣ ልክ እናታችን የሕፃን ግንባር እንደምትዳብሰው።

«ቀኙ አልሞቀም፣ አልተንቀሳቀሰም። ግራው ትንሽ ያማርራል።»

«እንመለስ?» አልኩት።

«ያማረረ ሁሉ ይሞታል እንዴ?»

ይህን ያለው እሱ ነው። እኔ አልፈጠርኩትም።

ፑኝዶ፣ ቀትር

የስደተኞች ጣቢያ፣ በፀሐይ የነጣ የፕላስቲክ ጣሪያ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ከየቋንቋው የተሰበሰበ ገበያ። ሁሉም ዋጋ የሚከራከረው በአማርኛ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ዜማ። ከሙቀቱ የተነሣ ብረት መንካት አይቻልም። ሻይ ጠጣን። ጀሪካኖቻችንን ሞላን። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ሳይሆን በበጋ ብቻ የሚታለፍ የመኪና ዱካ ነው።

ከፑኝዶ ወዲያ፣ ከሰዓት በኋላ

ብዙ ሳንርቅ ከግራ በኩል «ቋ!» አለ። ወንድምዓለም እዚያው ቆመ። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ አዝምሟል። በነጥብ የተያያዘው ብረት ተላቆ፣ አሮጌው ስንጥቅ ጣት እስኪያስገባ ተከፍቷል።

ደገኛ ሾፌር መኪናው ሲበላሽ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ድንጋይ ነው። ጎማ የሚያስደግፈው፣ ሻንሲ የሚያቆመው በድንጋይ ነው። እኛ ያደግነው ጎሬ ነው፤ እዚያ ድንጋይ እግር ያደናቅፋል። በዚህ ሜዳ ግን ለመድኃኒት አይገኝም። ያለው ጥቁር አፈር፣ ሣርና ምስጥ የቆለለው ኩይሳ ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። ኦሞድ አንዱን በዶማ ቢመታው ዶማው ነጥሮ ተመለሰ።

«ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው» አለ። «የቤታችን ወለል በዚህ ነው የሚሠራው። ልጅ ይዘላል፣ አዋቂ ይጨፍራል፣ አይሰበርም።»

እውነቱን ነው። ቤት ውስጥ ግን ዝናብ አይዘንብም።

ወንድምዓለም በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። «ድንጋይ አገኘን» አለና ሳቀ።

ሁለት ትልልቅ ጓል ፈንቅለን፣ መኪናውን በክሪክ አንሥተን ከሻንሲው ሥር አስገባን። ጎማው ወለቀ። ወንድምዓለም ያለንን አንድ ክሪክ ከአክስሉ ሆድ ሥር አድርጎ ብረቱን ወደ ላይ አጣበቀበት፤ መኪናው በኩይሳው ላይ ቆመ። የመኪናውን ሁለት ባትሪዎችና አንድ መጠባበቂያ በወፍራም ሽቦ አያያዘ። ኤሌክትሮዱን ነካ ሲያደርገው ብርሃኑ ፈነጠቀ። እንዲህ ሲበይድ አይቼው አላውቅም። ያለ ጄኔሬተር፣ በሜዳ መሃል፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ። ቆፋሪዎቹ እንኳ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩ ነበር።

በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

«መንገሻ፣ ይሄ ሰማይ ይታይሃል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ይታየኛል እትዬ። እሱም እያየኝ ነው።»

ብየዳውን ጨረሰ። ጋራዥ ቢሆን ኖሮ በራሱ እስኪበርድ ይጠብቅ ነበር፤ ለሌሎች የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ግን ደመናው ይመጣል። ክሪኩን አወጣ፣ ጀሪካኑን አንሥቶ በጋለው ብረት ላይ ውሃ አፈሰሰ። ብረቱ ጮኸ። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ደግሞ አፈሰሰ። ውሃው በአክስሉ ላይ እየተንኳለለ ወደ የት እንደሚወርድ ማናችንም አላየንም። ሁላችንም የምናየው ብየዳውን ነበር።

ከዚያ ከሥር ሊያየው በጀርባው ገባ።

«ዳኔ፣ ና እይ! እንደ ሹሩባ ነው የተጎነጎነው!»

ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ስል ኩይሳው ተቀመጠ። አልተሰበረም፣ አልተሰነጠቀም፤ ሻይ ውስጥ እንደቆየ ዳቦ ሙሽሽ ብሎ ተቀመጠ። መኪናው በላዩ ወረደ።

ኦሞድ ክሪኩን መልሶ አስገባ። ቆፋሪዎቹ በአካፋ አፈሩን ከሥሩ ቆፈሩ። ጎትተን አወጣነው። ብዙ አልቆየም። ሰው ሁሉ «ምን አለ?» እያለ ይጠይቀኛል። ምንም አላለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ነጭ ፒክአፕ ከዲማ በኩል መጣ። የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልጽፍም። ሾፌሩ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። ግን ሬሳ መጫን አይፈቀድልኝም። ያባርሩኛል።»

«የታመመ ሰው ይፈቀዳል?» አለው ኦሞድ።

«የታመመ ከሆነ… በራዲዮ አስፈቅጄ…»

«ቀደም ብለህ ብትመጣ ታሞ ነበር።»

ሾፌሩ ከመሄዱ በፊት ከጋቢናው አንድ ነገር አውጥቶ ሰጠን። ሁለት ጠርሙስ ውሃ። ውሃ ሰጠን!

ሰኞ ጠዋት

ያ ሁሉ ደመና ሌላ ቦታ ዘንቦ ኖሯል። እኛ ጋ ጠብ አላለም። ወንድሜን ያስቸኮለው ዝናብ አልመጣም።

እትዬ አስካለ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። አልቅሰው ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ልጄ፣ ስማኝ። ሙቀቱን ታያለህ፣ ሬሳ አይቆይም። ወደ ዲማ እንሂድ። ታቦት አለ፣ ቄስ አለ፣ ያገራችን ሰው ሞልቷል። በወግ ይቀበራል። አንተም ጭነቱን አራግፈህ ትመለሳለህ።»

«እማዬስ?»

«እናትህ ኋላ መጥታ መቃብሩን ታያለች።»

«መንገዱ ሲዘጋ በየት በኩል ነው የምትመጣው?»

«እኔስ?» አሉ ቁጣም ልመናም ባለበት ድምፅ። «ያለኝ ሁሉ እዚህ መኪና ላይ ነው። ጋምቤላ ከመለስከው ዝናቡ ይገባል፣ ዱቄቱ ይነቅዛል። የሞተውን አትመልሰው፤ እኔን ለምን ትገድለኛለህ?»

ኦሞድን አየሁት።

«እኔን አትይ» አለ። «ያንተ ወንድም ነው። እኛ ጋ ሰው የሚለቀሰው እናቱ ደጅ ነው። ግን እኔን አትይ።»

የሚሄደው ወዴትም ቢሆን መኪናው ጎማ መልበስ አለበት። ኦሞድ ገና ሳይነጋ ሄዶ ሁለት ወፍራም ግንድ ቆርጦ አምጥቷል። አግድም አድርገን ከሻንሲው ሥር አስገባናቸው። አንድ ሰው ከሥር ገብቶ ለብየዳው የላሉትን የባሌስትራ ቡሎኖች ማጥበቅ ነበረበት። ኦሞድ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩና በጀርባዬ ገባሁ።

ያረፍኩበት መሬት ገና እርጥብ ነበር። በምን እንደረጠበ አላጣራሁም።

ከአፍንጫዬ በላይ የወንድምዓለም ብየዳ አለ። በጋለ ብረት ላይ ውሃ ሲፈስ ብየዳው ይሰነጠቃል ሲል ሰምቼው ነበር። ስንጥቅ ፈለግሁበት። በጥፍሬ ፈለግሁ፣ በእጅ ባትሪ ፈለግሁ። ባገኝ ኖሮ ቢያንስ አንድ የምጠላው ነገር ይኖረኝ ነበር። የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነው። ቡሎኖቹን አጠበቅሁ። እጄ ሲዝል ኦሞድ ከውጭ፣ «ግማሽ ዙር ጨምር» ይለኛል። እጨምራለሁ። «ተማሪ» አላለኝም።

ጎማውን አስገባን። ግንዶቹን አወጣን። መኪናው በእግሩ ቆመ።

ወንድሜን በሸራ ጠቅልለን ከዱቄቱ ጆንያዎች መሃል አስተኛነው። ቆፋሪዎቹ እጄን ጨብጠው አካፋቸውን ተሸክመው ወደ ዲማ በእግራቸው ቀጠሉ። እትዬ አስካለ ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር።

«ይግቡ እትዬ» አልኳቸው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ጋምቤላ።»

«ልብህ ድንጋይ ነው» አሉኝ። ከፊት ቦታ ነበራቸው፤ አልገቡም። ኦሞድ ደግፏቸው ከኋላ ወጡ። ወንድሜ ራስጌ ተቀምጠው ጥቁር ጃንጥላቸውን በእሱ ላይ ዘረጉ። እስከ ጋምቤላ ድረስ አላጠፉትም።

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ወንድምዓለም ያስተማረኝ በባሮ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ ባዶ መኪና ነው። ባትሪዎቹ ለብየዳው ደክመው ስለነበር ሞተሩ አቃስቶ አቃስቶ ተነሣ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ታዘዙ። ዱካው ላይ ገባን፤ ፊታችን ወደ መጣንበት።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዝኩ። ሁለተኛውም ጋ። መኪናው ከሰው እርምጃ የማይበልጥ ፍጥነት ላይ ወረደ። ኦሞድ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

«አክስሉን አትፍራ። ደህና አድርጎ ነው የበየደው፣ ይይዛል።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ፍሬን የያዝኩት ለአክስሉ አልነበረም። ከኋላ እንዳይንገጫገጭ ነው።