ካልሞቀ የማይሠራ መሣሪያ

እስር ቤት ሰውን ያበስላል የሚባለው ውሸት ነው። እኔ ጥሬ ገብቼ ጥሬ ወጥቻለሁ። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር በተለምዶ ኦርጋን ስለምንለው አሮጌ ሲንተሳይዘር ነው፤ እሱንም ያስተማሩኝ ፖሊሶች አይደሉም።

እኔን ያስያዘኝ መጣጥፍ ነው። ሐይቅ ከተማ ቁርስ እየበላሁ መጡና "አንተ ነህ የጻፍከው?" አሉኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ከያዙኝ መካከል ጽሑፉን ያነበበ አንድም አልነበረም፤ ከእስሩ ይልቅ ይኼ ቅር አሰኝቶኛል። ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበረ፤ ግድግዳው አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ወለሉ የሚበቃው ለስድስት ሰው ነው። ሰባተኛ ሲመጣ አንዳችን ተነሥቶ በሩ ጋ ይቆማል፤ በተራ።

ሰባተኛ ሆኖ የመጣው ሠርግ የሚያጫውት ኦርጋኒስት ነው፤ ቀይ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው። ጥግ ላይ የሚቀመጡት፣ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙት ሽማግሌ ገና ሲገባ ቦታ ለቀቁለት።

"አብሽር፣ ተቀመጥ። ምን አደረግህ ነው የሚሉህ?"

"መሣሪያ ይዘሃል ነው የሚሉኝ፣ አባባ።"

"ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

አጠገቡ ያለው እስረኛ እግሩን ሰበሰበ።

"የሙዚቃ ነው፣ ወላሂ" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ለሙሽራው ወንድም ይደውላል። "መሣሪያውን ይዣለሁ" ይለዋል፤ "አሮጌ ስለሆነ ካልሞቀ አይሠራም እንጂ ከሞቀ ስድስት በአንዴ ያወጣል። ለአምባሰል ቅኝት ይደርሳል፣ አታስብ።" ከኋላው የተቀመጠ ተሳፋሪ ይኼን ሰማ። ታጣቂ የአምባሰልን ተራራ ሊቃኝ እየሄደ መሰለውና እሱም በተራው ደወለ።

"የአምባሰልን ቅኝት የማያውቅ ወሎዬ አለ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው።

"ያውቃል፣ አባባ። ችግሩ ሌላኛውንም ቅኝት ማወቁ ነው።"

እኔ መከራከር ስለምወድ አዲስ ለምን እንደማይገዛ ጠየቅሁት። አዲሱ ሺህ ድምፅ አለው ይባላል።

"አዲሱ ሺህ ልብስ ያለው አንድ ሰው ነው" አለኝ። "የኔው በአንዴ የሚያወጣው ስድስት ድምፅ ነው፤ ስድስቱም ሰዎች ናቸው። አንዱ ቀጠን ይላል፣ አንዱ ወፈር፤ አንዱ ደግሞ ምንም ብታደርገው ከቅኝቱ ትንሽ ይሸሻል። አንድ ላይ ሲወጡ ግን ሰው ይመስላሉ።"

"ሰባተኛ ቁልፍ ብትጫንስ?"

"መጀመሪያ የተጫንኩት ዝም ይላል። ቦታውን ይለቅለታል።"

ሽማግሌው በሩ ጋ የቆመውን እስረኛ አየት አድርገው "እንደኛው ነው በለኛ" አሉ።

"ትዝታም የለውም" ብሎ ቀጠለ ኦርጋኒስቱ። "ዛሬ ደክሜ ያገኘሁትን ድምፅ ያዝልኝ ብለው አይዝም። ማዞሪያዎቹ ከተነኩ ጠፋ ማለት ነው።"

ተመርማሪ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ብዬ ቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ኦርጋኒስቱንም መሣሪያውንም ወደ ደሴ የሚወስድ መኪና ጠራ። ደሴ ከሄደ "መሣሪያ የያዘ ተጠርጣሪ" ሆኖ ነው የሚሄደው፤ የዚያ ዓይነት ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግር የለም። ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው። ኦርጋኒስቱ መኪናው እስኪመጣ መሣሪያውን እንዲያበሩለት ለመነ። ኃላፊው ምን እንደታየው እንጃ፣ እሺ አለ። ፖሊሶች ለሁለት ሆነው ተሸክመው አውጥተው ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ መብራት ከቢሮው በገመድ ተሳበለት። እኛ በመስኮቱ ፍርግርግ ተደራርበን እናያለን።

ሲበራ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ሁለት ፖሊሶች ጎንበስ አሉ።

"ማዞሪያዎቹን ማን ነካቸው?" አለ ኦርጋኒስቱ።

"ፍተሻ ነው" አለው አንዱ፣ ቀና እያለ።

"ሙዚቃ ከሆነ ተጫወታ" አለ ኃላፊው።

"ሲሞቅ፣ ኮማንደር።"

"አሁን ነው የምልህ።"

"ያልተቃኘ አልጫወትም" አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ሹራቡን አውልቆ መሣሪያውን አለበሰው።

መኪናው መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ይኼን ጊዜ ኦርጋኒስቱ ሹራቡን ገለጥ አደረገ፣ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰና ጀመረ። ወፍራም፣ ጠርዙ የሚንቀጠቀጥ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ቅኝቱ ግን ባቲ ነበር።

የበሩ ጠባቂ የአምባሰል ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ነገር የማይወድ። የመጀመሪያውን ዙር ቻለው። በሁለተኛው አንገቱን ነቀነቀ። በሦስተኛው አልቻለም።

"ኧረ ይኼ የአምባሰል ቅኝት አይደለም" አለ።

ኃላፊው ዞረ። "ምንድን ነው ያልከው?"

"ቅኝቱን ስቶታል፣ ኮማንደር። ይኼ ባቲ ነው። አምባሰል እንዲህ ነው የሚሄደው" ብሎ ጠመንጃውን እንዳነገተ አንጎራጎረለት።

"ልክ ነው" አሉ ሽማግሌው ከውስጥ።

ኃላፊው ጠባቂውን አየ፣ መሣሪያውን አየ፣ ከግቢው በላይ ያለውን ተራራም አየ። "ቅኝት" አለ ለራሱ፣ ቃሉን እያኘከ። ከዚያ ሾፌሩን በእጁ ሂድ አለውና ወደ ኦርጋኒስቱ ዞረ። "አንተም አስተካክለውና ይዘህልኝ ጥፋ።"

ኦርጋኒስቱ ግን አልቸኮለም። ወንበሩን አዞረ፤ ጀርባውን ለኃላፊው፣ ፊቱን ለመስኮታችን ሰጥቶ አምባሰልን ተጫወተልን። በየስድስተኛው ኖታ አንዱ ድምፅ ሸሸት ይላል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው "ያን የሚሸሸውን እንዳይነካብኝ" አሉ።

ከተፈታሁ በኋላ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ሆን ብሎ ባቲ አድርጎት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ብርድ ነበር። ሲበርደው ይንሸራተታል።"

"ከአምባሰል እስከ ባቲ?"

"ምን ይርቃል? ሁለቱም ወሎ ነው።"

ዛሬም እሱኑ ይዞ ሠርግ ያጫውታል። መሣሪያው ይከብዳል፣ ያጉረመርማል፣ ሲበርደው ያኮርፋል፤ የድሮ ዕቃ ሁሉ ወርቅ ነው ከሚሉት ጋር አሁንም አልስማማም። ግን እዚያ መጋዘን ውስጥ አብረውኝ የነበሩትን ሳስብ የሚመጣልኝ የሱ ድምፅ ነው፤ ስድስት ሆነው አንዱም ከሌላው ጋር በትክክል የማይገጥም።

አንተ አንባቢዬ ያን ቀን ከኋላው የተቀመጥከው ተሳፋሪ ልትሆን ትችላለህ። ካልሆንክም ነገ ትሆናለህ፤ ሚኒባሱ ጠባብ ነው። ያልገባህ ነገር ስትሰማ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው። የሰውየውን ትከሻ ነካ አድርገህ "እስቲ አንጎራጉርልኝ" በለው።