ሞተሩ ነክሷል

ጎረቤቴ ይስማው ለጋራዥ የሚከፍለው ስለሌለው አሮጌ ፒካፑን እዚሁ ግቢው ውስጥ ራሱ ያድሳል። ዛሬ የዝገቱና የናፍጣው ሽታ በአጥሩ ዘልቆ ሲመጣ አባቴ ፊቴ ድቅን አለ።

አባቴም ልጅ ሳለሁ፣ ዳንግላ፣ በሬዎቹን ሸጦ የተጣለ ፒካፕ ገዝቶ ነበር። ለበሩ የቤት ቆርቆሮ ቆረጠለት፤ ለወንበሩ ጆንያ ሙሉ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅንለት። "ይቺ ከተነሳችልኝ ገበያ ለገበያ እየጫንኩ እዚሁ ከእናንተ ጋር እኖራለሁ። እንቢ ካለች ግን መተከል ለቀን ሥራ መሄዴ ነው" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን መካኒክ አመጣ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ ሞተሩ ነክሷል። ከእንግዲህ አይሠራም" አለው። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሮጬ እጁን አገላብጬ አየሁት፤ የጥርስ ምልክት የለም።

"አባዬ፣ የቱ ጋ ነው የነከሰህ?"

መካኒኩ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን ጸጉሬን እየዳበሰ፣ "አይታይም ልጄ" አለኝ። በሳምንቱ መተከል ወረደ፣ በዚያው ቀረ። እኔም ስንት ቀን ያችን ፒካፕ በዱላ ደበደብኳት፣ አባቴን ነክሳ አባረረችብኝ ብዬ።

ከሰዓት በኋላ የይስማው መኪና ተነሳች። ሰፈሩ እልል አለ። እሱም በሩን ከፍቶ፣ "እማማ፣ ይግቡ እንጂ! የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እርስዎ ነዎት። የት ላድርስዎ?" አለኝ።

ቆሜ አሰብኩ፣ አሰብኩ። የሚጠብቀኝ ሰው ያለበት ቤት አልመጣልኝም።

"እንዲያው አዙረህ እዚሁ መልሰኝ" አልኩት።