ስለ እኔ የምታለቅስ መምህርት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የክፍላችን ኃላፊ የነበረችው መምህርት እንባዋ ቅርብ ነበር። ይህን የምለው ለማመስገን አይደለም።

እናቴ የሞተችው አዲስ አበባ ወደ እስራኤል የምንሄድበትን ተራ ስንጠብቅ ነው። አባቴና እኔ ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቼን ይዘን በአውሮፕላን መጣንና ኔታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕብራይስጡን መማር፣ ወንድሞቼን ማጠብ፣ ለአባቴ ደብዳቤ ማንበብ ለሐዘን ጊዜ አልሰጠኝም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ግን አንድ ነገር ተጫነኝ። እህል አስጠላኝ። ክፍል ውስጥ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ እውላለሁ፤ ስሜ ሲጠራ ከሩቅ ነው የምሰማው።

መምህርቷ ይህን አየች። ማየቷን አልክድም። ኮሪደር ላይ አስወጥታ እጄን ያዘችና ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ገና ሁለት ነገር ሳልናገር ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም፤ ሶፍት ሳቀብላት ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከትምህርት ታስወጣኛለች። ታሪኩ ያው ነው፤ የምታለቅሰውም ያው ቦታ ላይ ስደርስ ነው። ሳሳጥርባት ቅር ይላታል።

አንድ ሐሙስ ከኔታንያ ወጣ ብሎ፣ ኤቨን የሁዳ ያለው ቤቷ ወሰደችኝ። እንግዶች ነበሩ። እራት እየበላን፣ እኔ ዕብራይስጥ የማልሰማ ይመስል፣ ታሪኬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። እናቴን በሕልሟ እንደምታያት ሳይቀር አወራች። አንድም ቀን ያላየቻትን ሴት። እኔ ልጇ እንኳ በሕልሜ አጥቻታለሁ። አንዲት እንግዳ ክንዴን ዳሰሰችኝና ለመምህርቷ ልብሽ ወርቅ ነው አለቻት።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ግቢ ውስጥ የሆነው ነው። አንዲት ጓደኛዬ ቀልዳ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከት ብዬ ሳቅሁ። መምህርቷ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እኔ ስላንቺ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፤ አንቺ እዚህ ትስቂያለሽ?» አለችኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣብኝ እሷ አለመኖሯን ዞር ብዬ አያለሁ። ኋላ ሳቁም መምጣቱን ተወ። ደህና ከሆንኩ እንደምታዝንብኝ ገብቶኝ ነበር፤ እኔም ሞኝ ሆኜ ላስደስታት ስል ሐዘኔን ጠብቄ አቆየሁላት። ዛሬ ሳስበው ከእሷ ይልቅ ራሴን የምንቅበት ቀን አለ።

በመጨረሻ ትምህርት ቤት መሄድ ተውኩ። ጠዋት ከቤት እወጣና ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። እዚያ ነው የሂሳብ መምህርታችን ያገኙኝ። ከሩሲያ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ዕብራይስጣቸው ከእኔ የባሰ ነበር። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ እሳቸውን አንቱ እላለሁ። ያችኛዋን፣ የክፍል ኃላፊያችንን፣ አንቱ ብዬ አላውቅም።

እንደቆሙ፣ «ትተኛለሽ? ትበያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ለሁለቱም የለም አልኩ።

«ይሄ በሽታ ነው። በሽታ ሐኪም አለው።»

እጄን አልያዙም፣ ስለ እናቴም አልጠየቁም። ያን ዕለት ማታ ቤታችን መጥተው ከአባቴ ጋር ተቀመጡ። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ፤ የራሴን በሽታ ለአባቴ የምነግርበት ቃል ጠፍቶኝ ልቤ ታሟል አልኩት።

«ያችኛዋ መምህርትሽ ሁለት ጊዜ እዚህ መጥታ ስታለቅስ፣ የእናትሽን ለቅሶ ልትደርስ የመጣች መስሎኝ አብሬያት አለቀስኩ» አለ አባቴ። «ልጄ መታመምሽን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።»

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ዓመት ሙሉ ተመላለስኩ፤ ክኒንም ዋጥኩ። ቶሎ አልዳንኩም፤ ግን መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ረሃብ መጣልኝ። የሂሳብ መምህርቴ ያመለጠኝን ትምህርት ከክፍል በኋላ አስተማሩኝ፤ ስሳሳት ይቆጡኝ ነበር። ያ ቁጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ያችኛዋ ሌላ ልጅ ያዘች፤ ከጎንደር በቅርብ የመጣች፣ አንገቷን የደፋች ልጅ። እኔን ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ጥሩ መስለሽ ታይያለሽ ብላ ታልፋለች፣ ዕቃዋን እንደወሰድኩባት ዓይነት። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ የሐኪሙን ቦታ ነገርኳት፤ መምህርቷንም እንድትጠነቀቅ መከርኳት። ልጅቷ ተቆጣችኝ።

«እዚህ አገር የምትወደኝ እሷ ብቻ ናት» አለችኝ።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ልጅቷና መምህርቷ ተያይዘው ወደ መምህርቷ ቤት ሲሄዱ አየኋቸው።