የጋሽ ጴጥሮስ ሰዓትና ሦስቱ ፕሮፎርማ

ሥራ የጀመርኩት በ1983 ዓ.ም. ጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ዳር ነው። ከደጋው፣ ከገዘር ከተማ፣ በእግሬ ወርጄ ስደርስ አሠሪዬ ሰዓት ሠሪው ጋሽ ዘርጋው ጭቃዬን አይተው መጀመሪያ እጄን እንድታጠብ አዘዙኝ። ታጥቤ ስመለስ አንድ የሞተ ሰዓትና ትንሽ ካቻቢቴ ሰጥተው ክፈተው አሉኝ። የመጀመሪያዋ ብሎን ተስፈንጥራ ሳር ውስጥ ገባች። የቀረውን ቀን አውሮፕላን በሚያርፍበትና ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ። ጋሽ ዘርጋው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «አዲሱ ሠራተኛዬ ነው፤ እየጸለየ ነው» ይሉ ነበር።

ብሎኗ አልተገኘችም። ማታ የምንሠራበትን የሰዓት ሳጥን ስንዘጋ የሙያውን የመጀመሪያ ሕግ ነገሩኝ። የሰው ሰዓት ከፍተህ አታስነጥስ።

ሥራችን ሁለት ነበር፤ መጠገንና ያገለገለ ሰዓት መሸጥ። «ያገለገለ» የሚለውን ቃል ግን ደንበኛ ፊት አንጠራም። የከተማው ሰው ያገለገለ ሰዓት ገዝቶ ለራሱ ቢያስር አያፍርም፤ ለሌላ ሰው ስጦታ ማድረግ ግን ንቀት ነው። ስለዚህ ጋሽ ዘርጋው ለሠርግና ለምርቃት ለሚገዛ ሰው «ከአዲስ አበባ የመጣ ነው» ይላሉ። ውሸት አልነበረም። ከመምጣቱ በፊት በማን ክንድ ላይ ስንት ዓመት እንደኖረ የጠየቀ ስለሌለ እሳቸውም አልመለሱም።

ክብር ያለው ስጦታ የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ አዲስ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ፏፏቴ የተሳለበት። ለሠርግ ይሰጣል፣ ለሹመት ይሰጣል፣ ለዝውውር ይሰጣል። የማውቃቸው ባልና ሚስት በሠርጋቸው ስድስት ደረሳቸው። በወሩ ሁሉንም ተሸክመው ሲያመጡልኝ ስድስቱም የተለያየ ሰዓት ይናገሩ ነበር። ትዳራቸው እስከ ዛሬ አለ፤ ትዳር ሰዓት አያስፈልገውም ማለት ነው።

ቅዳሜ ገበያ የሚወጡ የበና ብሔረሰብ ወጣቶች ደግሞ የሚፈልጉት የብረት ማሰሪያውን ብቻ ነበር፤ ለክንድ ጌጥ። ከተሜው ይስቅባቸዋል። ከደንበኞቼ ሁሉ ምን እንደሚገዙ የሚያውቁት ግን እነሱ ነበሩ። ማሰሪያ ገዝተው በማሰሪያ ያጌጣሉ። ከተሜው ሰዓት አስሮ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት አርፍዶ ይደርሳል።

ጋሽ ዘርጋው ዓይናቸው ሲደክም ሳጥኑን ለእኔ ትተው አገራቸው ገቡ። የምነግራችሁ ጥፋት የእኔ ብቻ ነው፤ እሳቸው የሉበትም።

ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ ድሬሰር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በአንድ ጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡና ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ለትምህርት ዲላ ስትሄድ የፍራሽና የብርድ ልብስ መግዣ ቸገራቸውና የእጅ ሰዓታቸውን አምጥተው ሸጡልኝ። በእጅ የሚሞላ፣ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ነው፤ የበሽተኛ የልብ ትርታ የሚቆጥሩት በእሱ ነበር። መልሰው ሊገዙት ስላሰቡ ቶሎ እንዳልሸጠው ለመኑኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መሣሪያ አይጠይቅም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኦይታ የሚባል የበና ሰው ማሰሪያውን ወደደው። ሸጥኩለት፤ ማሰሪያው ብቻ ነው ብዬ። በወሩ የአንድ አስተማሪ ሰዓት ሞላ፣ ሰዓቱን የሚያስኬደው ጥምዝ ሽቦ፣ ሲሰበር የጋሽ ጴጥሮስን ሞላ አውጥቼ ገጠምኩለት፤ ሞላው ብቻ ነው ብዬ። እንዲህ «ብቻ፣ ብቻ» ስል ሰዓቱ አለቀ። የቀረው ቀፎውና ቀይ ቆጣሪው ነው፤ እነሱን በክብሪት ቤት ከትቼ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳቸው።

ጋሽ ጴጥሮስ በየጠዋቱ በፊቴ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። ስለ ሰዓቱ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ረስተውታል አልኩ። የበደልነው ሰው ምን ጊዜም መርሳት ይችላል ብለን እናምናለን።

ዓመታት አለፉ። ሞባይል መጥቶ ሰዓት ከክንድ ወደ ኪስ ገባ፤ እኔም ቻርጀር መበየድ ጀመርኩ። በዚህ መሀል የጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ ደረሰ። እሳቸው ሥራ ያስተማሯት ነርስ፣ ሲስተር ወርቅነሽ፣ አንድ ጠዋት ሳጥኔ ፊት ቆመች። የሽኝት ኮሚቴው የግድግዳ ሰዓት ሊገዛ መወሰኑን ነገረችኝ። እሷ ግን ሰውየው በሰው ስልክ ትርታ ሲቆጥሩ ማየት ሰልችቷት ኖሯል።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ያን የድሮ ሰዓታቸውን ነው መስጠት የምፈልገው። ላንተ እንደሸጡልህ ነግረውኛል። አለ?»

«አለ» አልኳት። በክብሪት ቤት የሚገባ ሰዓት አለ ከተባለ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሌላ ዞን የተመደበ ወጣት ነበር። የወርቅነሽን ሐሳብ አልተቃወመም፤ ፎርማት ጠየቀ እንጂ። ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ፣ የዋስትና ደብዳቤ፣ ዕቃው አዲስ ለመሆኑ ማረጋገጫ። ጂንካ ውስጥ ያገለገለ የእጅ ሰዓት የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁለቱ ተወዳዳሪዎቼ ገና አልተወለዱም። ቢሮው ድረስ ሄጄ ይህንኑ ሳስረዳው ዋስትናው ለስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያ ዓይነት ሰዓት ሃያ ዓመት ሲሠራ አይቻለሁ፣ የግድግዳው ሃያ ቀን ከሠራ ጥሩኝ አልኩት። በትሕትና «ጋሼ፣ እኔ የማወራው ስለ ፕሮሰሱ ነው» አለኝ።

በመጨረሻ ቢሮው የግድግዳውን ሊገዛ፣ ወርቅነሽና ባልደረቦቿ ያገለገለውን በግላቸው ሊሰጡ ተስማሙ። የሌለውን ሰዓት መሥራት የእኔ ፋንታ ሆነ።

ተመሳሳይ ማሽን አርባ ምንጭ ካለ የሙያ ጓደኛዬ አስላክሁ። በቤንዚን አጠብኩት፣ በወረንጦ እየለቀምኩ በድሮው ቀፎ ውስጥ ገጠምኩት፣ ቀዩን ቆጣሪ ተከልኩበት፤ ሄደ። ማሰሪያ ግን ቸገረኝ። ጋሽ ጴጥሮስ የላላውን የማሰሪያ ቀለበት በቁስል መስፊያ ክር አስረውት ነበር። ሌላ ማሰሪያ ባደርግበት አንዴ ዳስሰው ያውቁታል።

ሐሙስ ቀን በናዎች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ቀይ አፈር ገበያ ሄድኩ። ኦይታ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ማሰሪያው ከነክሩ ክንዱ ላይ ነው። ሁለት አዲስ ማሰሪያዎች አውጥቼ ለውጥ አልኩት። አልፈልግም አለ። ለማን እንደምፈልገው ጠየቀኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኩት። ኦይታ ጉልበቱ ላይ ያለ ረጅም ጠባሳ አሳየኝ። የሰፉት ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው።

«ያን ጊዜ የእሱ ነው አላልክም» አለኝ።

አላልኩም ነበር። ማሰሪያውን አውልቆ መዳፌ ላይ አኖረው፤ አዲሶቹን ማሰሪያዎች ዞር ብሎም አላያቸው።

«እኔ ሰጠሁ አትበል። ኦይታ ሰጠ በል።»

የሽኝቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ጋሽ ጴጥሮስን ረጅም ምስጋና አመሰገናቸው፤ ሁለት ጊዜ ጳውሎስ አላቸው። የግድግዳ ሰዓቱ ተሰጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሱ። ባትሪ አልነበረውም። ከዚያ ወርቅነሽ በመሀረብ የጠቀለለችውን አቀበለቻቸው።

ፈትተው አዩት። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ በአውራ ጣታቸው ክሩን ዳሰሱት። ከዚያ የወርቅነሽን እጅ ያዙና ዓይናቸውን ቀዩ ቆጣሪ ላይ ተክለው መቁጠር ጀመሩ፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ኃላፊው በፕሮግራሙ ላይ የሌለ ደቂቃ ስለሆነበት ወረቀቱን ያገላብጥ ነበር።

«ዘጠና ስድስት» አሏት። «ተቀመጪ።»

እሷ እያለቀሰች ነበር።

ሰው ለምሳ ሲወጣ ጠጋ ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ቃሌን እንዳፈረስኩ፣ ማሽኑ የሌላ ሰዓት እንደሆነ፣ ማሰሪያውን የሰጠው ኦይታ እንደሆነ። እሳቸው ግን ማሰሪያቸውን ሰዓቱን በሸጡልኝ ዓመት ገበያ ላይ በሰው ክንድ እንዳዩት ነገሩኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም፣ ጋሼ?»

«ብጠይቅህ ትዋሸኛለህ። ከዋሸኸኝ ደግሞ በፊትህ ማለፍ እተዋለሁ። ወደ ሥራ የምሄድበት መንገድ ያ ብቻ ነበር።»

ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ምሳው ወሰዱኝ። የበላሁትን አላስታውስም።

ዛሬም ሳጥኔ ፊት አለሁ። አሁን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ወጣት መምህራን አሮጌ ሰዓት ለእጮኛ፣ ለአባት፣ ለተመራቂ ይገዛሉ፤ ቪንቴጅ ይሉታል። ዕድሜያችንን ሙሉ ያፈርንበት ነገር የእንግሊዝኛ ስም ሲወጣለት ተከበረ። ለእያንዳንዱ ሰዓት በትንሽ ወረቀት የማን እንደነበረና ምኑ እንደተቀየረ እጽፋለሁ። አንዱ መምህር ወረቀቱን አንብቦ ሞላው የራሱ ካልሆነ አልፈልግም ብሎ ሄደ። ይሂድ።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ያገለገለ ዕቃ ስጦታ ይሆናል። ሻጩ የማን እንደነበረ ይወቅ፤ የተቀየረውን ክፍል ለገዢው ይንገር፤ ገዢውም ለሚሰጠው ሰው ይንገር።