አጥር ላይ አስቀምጬው የሮጥኩት ካሜራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ጎፋ ሰፈር ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ሆኖም አንድ ሰው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፎቶ ልንነሳ ነው» ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ሶቪየት ኅብረት ምህንድስና ይማር ነበር። ለእረፍት ሲመጣ ከባድ ጥቁር ካሜራ ይዞ መጣ። ብረት ነው፤ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ያጎብጣል። ባትሪ የሚባል የለውም። ሁሉንም ነገር የሚያስተካክለው አንሺው ራሱ ነው። ወንድም ጋሼ (እንዲያ ነበር የምጠራው) ሲመለስ ለእኔ ትቶልኝ ሊሄድ ስላሰበ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተማረኝ።

«ፊልሙን አጉርሰሽ ስትጠመዝዢ በግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ እያት» ይለኛል። «አብራ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም፤ ባዶውን ነው ስትለፊ የምትውዪው።»

ከዚያ ፍጥነቱን መምረጥ፣ የሚገባውን ብርሃን በሌንሱ ቀለበት መመጠን፣ ከዚያም በቀዳዳዋ እያዩ የሰውየው ዓይን ጥርት እስኪል ሌላኛውን ቀለበት ማዞር ነው። ለማየት የብርሃኑን ቀለበት መክፈት፣ ለማንሳት ደግሞ መልሶ ማጥበብ ያስፈልጋል። ይህንን እየረሳሁ ስንቱን ፎቶ አቃጥያለሁ።

እኔ ከሁሉ የወደድኩት ከፊት ለፊቱ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ነው። እሷን ወደ ታች ስበው ቁልፏን ሲጫኗት «ዝዝዝዝ» እያለች ቀስ ብላ ትመለሳለች። አሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ ካሜራው ራሱ «ቀጭ» ያደርጋል። አንሺው እስከዚያ ሮጦ ፎቶው ውስጥ ይገባል።

ወንድም ጋሼ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት፣ እማዬ «አራታችን አንድ ላይ ያለንበት ፎቶ ሳይኖረኝ ንቅንቅ አትልም» አለችው። እማዬ፣ እሱ፣ ታናሽ እህቴ ብርቄና እኔ ማለት ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ አብረን ተነስተን አናውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላችንን እንደለበስን በራችን ላይ ቆምን።

ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው አዳራሽ የድንጋይ አጥር አለ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ስለሆነ ለካሜራ ማስቀመጫ የተሠራ ይመስላል። የዚያን ዕለት ግቢው ውስጥ ባለው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ገብቶ ስለነበር ሃያ የሚሆኑ ሴቶች አጥሩን ታከው ተሰልፈዋል። ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብዬ ካሜራውን አጥሩ ላይ አስቀመጥኩ። አስተካከልኩ፣ ዘንጓን ሳብኩ፣ ቁልፏን ተጫንኩና ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ በራችን ሮጥኩ።

አሁን ሳስበው እብደት ነው። በዚያ ዘመን የቀበሌ አጥር ላይ ጥቁር ብረት አስቀምጦ መሮጥ!

«ቦምብ!» የሚል የወንድ ጩኸት ሰማሁ።

ዞር ስል ጓድ በቀለ ከአዳራሹ በር ወጥቷል። ጓድ በቀለ አብዮት ጠባቂ ነበር። እሱ ሲያልፍ በሰፈራችን ወሬ ይቋረጣል። ከዓመት በፊት የጎረቤታችንን የእትዬ ተዋበችን ልጅ ዳንኤልን ከቤቱ አስወጥቶ የወሰደው እሱ ነው። ዳንኤል አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም። እትዬ ተዋበች ያን ዕለት የስኳር ሰልፉ ላይ ነበሩ።

ጓድ በቀለ ስሮጥ አየኝ፤ «ዝዝዝ» የሚለውን ሰማ። ሊተኩስብኝ ነው ብዬ መንገዱ መሃል ቆምኩ። እሱ ግን ጠመንጃውን ጥሎ ካሜራውን ከአጥሩ ላይ አፈፍ አደረገው። ወደ ግራ አየ፤ ሴቶቹ ናቸው። ወደ ቀኝ አየ፤ እኛ ነን። ከአጥሩ ወዲያ ሱቁ ነው፤ እዚያም ሰው አለ። የሚወረውርበት ቦታ አጣ።

«ውደቁ! እናቶች፣ ውደቁ!» ብሎ ጮኸና ካሜራውን ከሆዱ ሥር አድርጎ መሬት ላይ ተደፋበት።

ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ላይ ወደቁ። ዘንቢሉ ተበተነ። እኔ «ካሜራ ነው!» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም።

«ቀጭ።»

ምንም አልሆነም። ጓድ በቀለ እንደተደፋ ነው።

ወንድም ጋሼ ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ተጠጋው። «ጓድ፣ ካሜራ ነው። ፎቶ ልንነሳ ነው። በእግዜር፣ ካሜራ ነው!»

ጓድ በቀለ ቀስ ብሎ ተገላበጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። ካሜራውን አየው፣ ወንድሜን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋርደነዋል፤ አሁን አለቀልን አልኩ። እማዬ እግሩ ላይ ልትወድቅ ተንደረደረች።

ቀድመው የደረሱት ግን እትዬ ተዋበች ናቸው። አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ መጥተው ጎንበስ አሉና ክንዱን ያዙት።

«ተነስ ልጄ» አሉት። «ተነስ፣ ተርፈሃል።»

ልጄ! ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ማን እንደሆኑም ያውቃል። ጓድ በቀለ ክንዱን እንደያዙት ተነሳ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም። ካሜራውን ለወንድሜ ሰጠው። ከዚያ ጠመንጃውን አነሳና ወደ አዳራሹ ገባ።

«ቀበሌ ትፈለጋላችሁ» እስክንባል ስንጠብቅ ሰነበትን። ማንም አልጠራንም። ወንድም ጋሼም በቀኑ ሄደ። ፊልሙ ሲታጠብ ያቺ ፎቶ ድፍን ጥቁር ሆና ወጣች። እማዬ የአራታችንን ፎቶ ሳታገኝ፣ እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሳይመለስ አረፈች። ጓድ በቀለ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ ተባለ፤ መጨረሻውን አላውቅም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን እትዬ ተዋበች ቤት ሄጄ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ያን ቀን እንዴት አስችሎዎት ልጄ አሉት?»

ቢላዋውን አስቀመጡት።

«እኔ እንጃ» አሉ። «እንደዚያ ተደፍቶ ሳየው፣ የእኔ ልጅ ሲወድቅ ማን አነሳው ይሆን አልኩ። ከዚያ እጄ ቀደመኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ጓድ በቀለን ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር የማለቱ ድርሻም የእኔ አይደለም። እኔ ላስቀመጥኩት ነገር ሆዱን ሰጥቶ መደፋቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ዳንኤልን የወሰደውና እዚያ መሬት ላይ የተደፋው ያው አንድ ሰው ነው ብዬ ለራሴ ስናገር ዛሬም ያስደነግጠኛል።