ከቀይ ቀበሮዎች ክልል የገባው ውሻ

ጥቅምት ተጋምሷል፤ ጋዝጊብላ ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ይነጣል። በወጣትነቴ አዳኝ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ግን እንደ እናንተ የዱር እንስሳት ጥበቃ ገብቼ የቀይ ቀበሮዎችን መዋያና መተላለፊያ እመዘግባለሁ። ኮቴ ወይ ኩስ ባገኘሁበት ሁሉ በጂፒኤስ ነጥብ እይዛለሁ። ከጓሳ ሣሩ አፋፍ እስከ ጅብራ ተክሉ ሜዳ ያለውን የአንድ ቤተሰብ ክልል እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ።

አንድ ጠዋት ሞላ የሚባል ገበሬ እያለከለከ መጣ። «አያ ደሳለኝ፣ ውሻዬ አበደ። ሁለት ፍየል ነክሶ ወደ ላይ ወጣ» አለኝ።

አንዱን ቀበሮ ከነከሰ በሽታው ቤተሰቡን ይጨርሳል። ከሰቆጣ የመጣችውን የእንስሳት ሐኪም ሰናይትን ይዘን ወጣን። ጠብመንጃው እኔ ዘንድ ነው፤ ሞላ ዱላውን ይዟል።

ኮቴውን መለየት አልቸገረኝም። ቀበሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ይሄ ይዞራል፣ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ድንጋዩ ላይ ተንጠባጥቧል። «ከኋላ አንከተለውም» አልኳቸው። «ቀበሮዎቹ አሁን ሜዳው ላይ ፍልፈል እያደኑ ነው። ወደ እነሱ የሚያስገባው ይሄ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው።»

በአቋራጭ ቀደምነው። ሰናይት የውሻውን መምጣት እንድታይ ከመተላለፊያው ማዶ ያለ ቋጥኝ ላይ ወጣች። ወዲያው ጉም ወረደ።

ውሻው አሥር እርምጃ ላይ ብቅ አለ። አነጣጠርኩ። ግን ሰናይት ከጉሙ ውስጥ፣ ከውሻው በስተጀርባ ናት። አፈሙዙን ዝቅ አድርጌ ጋቢዬን ግራ ክንዴ ላይ ጠመጠምኩ።

ሞላ «መከታ» ብሎ በስሙ ጠራው። ውሻው ጆሮውን አቁሞ ወደ እሱ ዞረ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ እኔ ላይ ዘለለ። ክንዴን ሰጠሁት። ጥርሱ በጋቢው አልፎ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ሞላ በዱላው ሁለቴ መታው፤ አበቃ።

ሰናይት እየሮጠች ወርዳ ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጠበችው፤ እስኪሰለቸኝ ድረስ። «ጋሽ ደሳለኝ፣ ዛሬውኑ ሰቆጣ ሆስፒታል ገብተው መርፌውን ይጀምራሉ። ነገ አይባልም» አለችኝ። ጀመርኩ፣ እስከ መጨረሻው ተወጋሁ። ቀበሮዎቹን ሳምንታት ተከታተልኳቸው፤ አንድም አልጎደለም።

የአውሬ መንገድ የሚያውቅ ሰው ከአውሬው ቀድሞ ይደርሳል። ከዒላማው ጀርባ ማን እንዳለ ሳታውቁ ደግሞ ቃታ አትሳቡ። ይህን ያለ ጥርጥር አስተምራችኋለሁ።

ያን ቀን ስንወርድ ግን ሞላ «አያ፣ አውቆኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላወቀህም» አልኩት። አውቆት ነበር። ሞላ ዛሬም በየዓመቱ የመንደሩን ውሾች እየሰበሰበ ያስከትባል፤ እኔም እውነቱን እስካሁን አልነገርኩትም።