ከብረቱ ሥር ያለው እንጨት

የጎጆው በር ዝቅ ያለ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ጭድ ሽታ ነው። አንኮበር በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ ግድግዳውን ብነካው እንዳላበው ሰው ጀርባ እርጥብ ነው። እግሬን በብረት አሰሩት። ቀኝ እጄን ግን ተዉልኝ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ነገ የምትፈለገው እሷ ናት።

ነገሩን ልንገራችሁ። ባሌ የጠመንጃ ሰደፍ፣ ብረቱ የሚያርፍበትን እንጨት፣ ጠራቢ ነበር፤ ሲሞት ሥራው በእኔ እጅ ቀረ። በዚያ ዓመት ሰደፍ የሠራሁላቸው ጠመንጃዎች ቆላ ሲወርዱ እንጨታቸው ተጣመመ፤ ብረቱን ገፋው፤ ጥይቱም ሳተ። "ከባላጋራ ተዋውላ ነው" ተባልኩ። ለዚህ ፍርዱ እጅ መቁረጥ ነው።

ከሳሼ ሽበታም ወታደር ነበር። እንደ ወጉ ከሳሽና ተከሳሽ እስኪፈረድ አይለያዩምና የኩታው ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። ሰደፉን የሠራሁለትን ጠመንጃ ታቅፎ ከጎኔ ተቀመጠ። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ቋጠሮው እሱንም ይጎትተው ነበር።

"እጅሽን ደህና አድርገሽ እያት" አለኝ። "ነገ ትለያያላችሁ።"

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጠመንጃውን ቁልቁል እያየ፣ "ጓደኛዬ አጠገቤ ወደቀ። አነጣጥሬ ነበር፤ ሳትኩ" አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከፌዙ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

"አያ፣ እስቲ ጠመንጃውን ይስጡኝ ልየው።"

"ጨርሰሽ ልታበላሺው?"

"ከዚህ ወዲያ ምኑ ይበላሻል?"

የጠመንጃውን ብረት አላቅቆ ሰደፉን ጭኔ ላይ ጣለው። ከውጭ በኑግ ዘይትና በሰም ያሸሁት ዋንዛ አሁንም ያበራል። ብረቱ የሚተኛበትን ቦይ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ነው። እዚያ ሰም አልቀባሁም። ባሌም አይቀባም ነበር፤ ማን ያየዋል ብለን። እንጨቱ በዚያ በኩል የአንኮበርን ጉም ጠጥቶ ቆላ ሲወርድ ደርቋል፤ የተጣመመውም ለዚህ ነው።

"ወታደሩ ዝናብ ላይ ጥሎት ነው" ብል ምናልባት እተርፋለሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩትና ቦዩን አሳየሁት። "ክዳት ግን የለበትም።"

"ይህንኑ ነገ ትያለሽ?"

"እላለሁ።"

"እጅሽስ?"

እጄን አላየኋትም። "አያ፣ ሰም አልያዙም?"

ከኩታው እጥፋት ለማርያም የተሳለውን ጧፍ አወጣ። ብዙ አመነታ፤ ከዚያ ሰጠኝ። በመዳፌ አሙቄ፣ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን፣ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር አሸሁት። የተጣመመውን አያቃናውም፤ ከእንግዲህ ግን ጉም አይጠጣም። ሥራው የጸዳ ነበር።

በማግስቱ ችሎት ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ዳኛው ወደ ወታደሩ ዞሩ።

"ሴትዮዋ አልዋሸችም" አለ።

ዳኛው ጥፋት እንጂ ክዳት አይደለም አሉ፤ እጄ ተረፈችልኝ። የተጣመመውን እያንዳንዱን ሰደፍ በመላጊያ ልጌ ውስጡን በሰም እስካሽ ድረስ ግን እግር ብረቱ አልወለቀም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ወታደሩ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ በማርያም ንግሥ ቀን አንድ ጧፍ ይልክልኝ ነበር። ይቅር ብሎኝ ይሁን ወይስ እንዳልረሳ፣ ጠይቄው አላውቅም። አንዱንም አላበራሁትም። ሁሉም በየሰደፉ ቦይ ተሸተው ከብረት ሥር ናቸው፤ ማንም በማያያቸው ቦታ።